የዱቤ መዝገብ

ከባሕር ዝቅ ብሎ በተኛ የሩዝ አገር፣
ኩታናድ በሚሉት፣ በቦዮቹ መንደር፣
አባቴ ኢቱፕ ከጀልባ መቆሚያው ሱቅ ከፍቶ ነበር።
ጨው፣ ኬሮሲን፣ ሩዝ፣ የኮኮናት ገመድ፣
ሁሉም በዱቤ ነው እዚያ የሚወሰድ።
ጸሐፊዋ እኔ ነበርሁ፤ ገና ባሥር ዓመቴ
«ጻፊ፣ ኤልሲ» ይለኛል ጣቱን ልሶ አባቴ፤
«ቫርኪ ሦስት ኪሎ፣ ትሬስያ ግማሽ ሊትር፤
ጻፊ፣ ሰው ይረሳል፤ ወረቀት ነው የሚመሰክር።»

የራሱ ዕዳ ግን በመዝገቡ የለም፤
ባንክ ቤት ነበረ፣ በሌላ ሰው ቀለም።

ወንድሜ ሉካ ሲሞት ጎርፉ ገና አልመጣም፤
ውሃው የተኛ ነበር፣ ደመና እንኳ አልወጣም።
ጀልባውን የነዳው ፓይሊ ነው፤ ጠጥቶ።
ሉካን ከቦዩ ሥር ያወጣውም እሱው ነው፣ ዘሎ ገብቶ።
ይህን ዕዳ አባቴ «ጻፊ» አላለኝም፤
በምን ሚዛን ይመዘን? ኪሎ አይሆን፣ ሊትር አይሆንም።

በሦስተኛው ክረምት ግድቡ ተከፍቶ
ውሃው ቤታችንን ወረሰው፣ ሳያንኳኳ ገብቶ።
ስንመለስ መዝገቡ ከጭቃው ሥር አለ፤
አብጦ፣ እንደ ሰጠመ ሰው፣ ገጹ እየላላ፣ እየተላቀቀ፤
የመንደሩን ስም ሁሉ ውሃ አሟሟው፤ ማን እንደ ከፈለ፣
ማን እንዳልከፈለ፣
አንድ ሰማያዊ ጉም ሆኖ ወረቀቱ ላይ ደረቀ።

በዚያው ሳምንት ከባንክ ደብዳቤ ደረሰ።
«ብድርዎ ተሰርዟል» ይላል። ሁለቴ አነበብሁለት፤ እሱም ሁለቴ አለቀሰ።
ሲመሽ ግን አዲስ ደብተር ገዝቶ መጣ፤
«ጻፊ፣ ኤልሲ፤ ሁሉም ከጭንቅላቴ ሳይወጣ።»
ቫርኪን ጠራ፣ ትሬስያን፣ የሞተውን አናጢ ሳይቀር፤
አንዲት ፍሬ ሩዝ አልጠፋችውም፣ አልዘለለም አንድ ቁጥር።
ደብዳቤው ከደረት ኪሱ ብቅ ብሎ ያያል፤
እኔም አየሁት፤ አልጻፍሁም።
«ምነው?» አለ።
«ብዕሩ ደርቋል።»

እሑድ ቄሱ ያነበቡት የዚያን ባሪያ ታሪክ ነበር፣
እልፍ መክሊት ተትቶለት፣ ለመቶ ዲናር
ባልንጀራውን ያነቀውን በመንገድ ዳር።
አባቴ አንገቱን ደፋ፣ ኪሱን ዳበሰ፤
ሲወጣ፣ ጃንጥላ በእጁ ይዞ በዝናብ ራሰ።

ከዚያ ሰዎቹ መጡ፣ ሳንጠራ፣ ሳንልክ።
ትሬስያ በልብሷ ጫፍ ሳንቲሟን ቋጥራ
አባቴ ካስታወሰው በላይ ዕዳዋን ተናገረች፣ ጨምራ።
«መዝገቡን ውሃ በልቶታል» ቢላት፣ «ሆዴን ግን አልበላም» አለች፤
ሳንቲሙን ከሚዛኑ ላይ ጥላ ሄደች።

በመጨረሻ ፓይሊ። ከደጅ አልገባም፤ ቆመ።
ሦስት ዓመት ያልጠጣ እጁ ተንቀጠቀጠ፣ ድምፁ ታመመ።
«ኢቱፕ፣ የኔስ ስንት ነው?»
ዝናቡ ብቻ ተናገረ።
አባቴ የሚዛኑን ብረቶች አንድ ባንድ ቆጠረ።
«ይቅር ብዬሃለሁ» አለ። ድምፁ የሌላ ሰው ነበር፣
በትውስት የመጣ፣ እንደ ጎረቤት ጀልባ።
ፓይሊ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ፤ «ግባ» ቢለው አልገባ።

መጨረሻው ይህ ቢሆን ስብከት ነበር ያማረ፤
ማለዳ ግን አባቴ የሉካን ሸሚዝ ከሚስማሩ ላይ አየ፤
ማታ የተወው ሁሉ እንደገና ቆጠቆጠ፣ አመረረ።
«ጻፊ» አለኝ። ብዕሬን አነሣሁ፣ ባዶውን ደብተር ገልጬ፤
«ዛሬም ይቅር ብዬዋለሁ። አንድ መስመር።»
አሰመርሁ፣ ትንፋሼን ውጬ።

ሰባ ጊዜ ሰባት ለብዙ በደል ይመስለኝ ነበር።
ለአንድ በደል ኖሯል፣
በየማለዳው እንደ አረም ለሚበቅል ነገር።

ትናንት አባቴ ጨው ሊያመጣ ከፓይሊ ጀልባ ወጣ።
ከመስኮት አየኋቸው፦ ሉካ የሰጠመበት ስፍራ ሲደርሱ
ሞተሩ ድምፁን አጠፋ፤ ጀልባው ቆመ፤
ማን ምን እንዳለ አልሰማሁም፣
ብዙ ቆዩ፣ ብዙ፣ ውሃው እስኪጠራ።

ማታ ብቻዬን ተቀምጬ መስመሮቹን ቆጠርሁ፤
ሁለት መቶ ዘጠኝ።
አባቴ ከኋላዬ «ጻፊ» አለኝ፤
ለዚያች ቀን ሁለት መስመር አሰመርሁ።