የጦይባ አስተርጓሚ

ከቧንቧ ውሃ ቁልቁል፣ ከጋራዡ ጀርባ፣
ጉም ነው ቀድሞ የሚገባ፣
ከደንበኛ በፊት፣ በሩን ስከፍተው፤
ከጦሳ ወርዶ ነው።
አምስት ኮምፒውተር፣ አምስት ዱካ ወንበር፣
ግድግዳው ላይ በከሰል፦ «ዱቤ የለም፣ አብሽር!»

የወሰዱትን ወሰዱ በዚያ ክፉ ሰሞን፣
ትተውልኝ ሄዱ አሮጌ አሮጌውን።
«ዊንዶውሱ የስርቆት ነው፣ ቫይረስ ጨርሶታል» ብለው፣
ሁለት ባለሙያ በየተራ አይተው፣
«ለሽንኩርት ሻጭ ሽጠው፣
ሚዛን ያስቀምጥበት» ሲሉ ቀለዱብኝ።
እኔም ሳቅሁ መሰለኝ።

ጦይባ የመጣችው ያን ሰሞን ነው።
ፍላሽ አንገቷ ላይ በጥቁር ክር አስራ፣
እንደ ክታብ አርጋ፣
«ጋሼ ይመር፣» አለች፣ «ይስጡኝ አንዱን ልሥራ።
ሊኑክስ ነው፤ ነጻ ነው፤ አይጠይቅም ዋጋ።»

ነጻ ነገር ያስፈራኛል እኔ፤
በነጻ የሚታደል ስንዴ አይቻለሁ በዘመኔ፣
ከነሰልፉ።

ስክሪኑ ጠቆረ። ነጭ ፊደል ዘነበ፣
እንደ ሐምሌ በረዶ ወርዶ ተደረበ።
ከዚያ አንድ ወፍ ወጣ፣ ሆደ ነጭ፣ ወፍራም፣
መብረር የማይችል ወፍ፤ በአገሬ አላውቀውም።
«ጌሙስ?» አልኳት፣ «ልጆቹ ወፍ ለማየት አይከፍሉም።»
ድሮ ሰምቻለሁና የዚህን ወፍ ዝና፦
ካርታና ፈንጂ ለቀማ ነው፣ ሌላ የለውምና።

«አባቴን ያውቁት ነበር? ባቲ፣ ሰኞ ሰኞ፣
ግመል ተራው መሃል በትሩን ተደግፎ፣
የአፋሩን ቃል ሰምቶ ለኦሮሞው አድርሶ፣
የኦሮሞውን ደግሞ ለአማራው መልሶ፣
ማንም ከቋንቋው ሳይወጣ ግመሉ ይሸጣል።
እዚህም ውስጥ እንደሱ አንድ ሰው ተቀምጧል።
ጨዋታው በዊንዶውስ አፍ «መንገድ ስጡኝ» ይላል፣
ይሄኛው ይሰማል፣
በዚህ ቤት ቋንቋ አዙሮ ለማሽኑ ይነግራል፤
ጨዋታው እንግድነቱን መች ያውቅና!
በአገሬ ነኝ ብሎ ይሮጣል በጤና።»

ሙሄ፣ የጋራዡ ልጅ፣ ግሪስ በጣቱ እንዳለ፣
ቀይ መኪና መርጦ ጥምዝምዙን ዘለለ፤
«ሐረጎን መሰለኝ!» አለ፣
«ገደሉ ብቻ ቀለለ።»
አሮጌው ኮምፒውተርም፣ ያ ሲያቃስት የኖረው፣
ትንፋሹም አልተሰማ፤ ሞተ ብዬ ነካሁት። ለብ ብሏል። ደህና ነው።

ሁሉም አልተከፈተም፤ ለምን እዋሻለሁ?
አንድ የውጊያ ጌም አለ፣ ልጆቹ የሚሞቱለት፣ እኔ የማጣበት፤
በሩ ላይ ዘበኛ አለው፣ አጭበርባሪ ለመያዝ የቆመበት፤
ወፉን ገና ሲያየው፣
«አስተርጓሚ ይዞ መግባት ክልክል ነው።»
አውቀዋለሁ ያን ዓይነት ዘበኛ፣
ኬላ ላይ አቁሞኛል ከነጭነቴ፣ እንደ ወንጀለኛ።

ግን ጥር ላይ እንቢ ያለው መጋቢት ላይ ይሄዳል፤
በየወሩ አንድ በር ገርበብ ይላል።
ማን እንደሚከፍተው እንጃ። ጦይባ ማታ ማታ
ረጅም የስም ዝርዝር ታወርዳለች በእርጋታ፦
አገራቸውን የማላውቀው፣ አፌም የማይጠራቸው፣
ብዙዎቹ፣ ትላለች፣ ደሞዝ እንኳ የላቸው።

ትናንት ከግርጌው አየሁት።
«ጦይባ እብሬ» ይላል።
«አንድ መስመር ነው ያቃናሁት፣» አለች፣ «የአማርኛው ፊደል
ጨዋታው ውስጥ ሲገባ ሣጥን ሣጥን ይሆን ነበር፣ አይነበብም።»
እኔ የአባቷን ስም ነበር የማየው፤
እብሬ፣ የባቲው፣
ከገዥም ከሻጭም ሁለት ሁለት ብር የሚቀበለው፣
አስተርጓሚዎች መሃል ተሰልፎ።

«ኮሚሽኑስ?» ልላት ስል መብራት ሄደ።
አምስቱም ስክሪን ጠፋ፤ ቤቱን ጉሙ ወረሰው።
በጨለማው ውስጥ ሙሄ፣
«ልቀድም ነበር! በአላህ፣ አንድ ዙር ነው የቀረው!»
አንዱ ደግሞ፦ «ውሸት ነው!»
ክብሪቱን አላገኘሁትም።