ከላይ ሲታይ

ሐምሌ እዚያም ክረምት ነው። ማር ዴል ፕላታ ላይ
ባሕሩ ግንቡን ይደበድባል፣ አንድ ዋናተኛ ሳይታይ፤
ሆቴሎቹ መስኮታቸውን በጣውላ ቸንክረዋል፤
የዶን ኤቫሪስቶ ጨዋታ ቤት ብቻ ተከፍቶ ይውላል።
በአንዲት የነሐስ ፊቻ ሦስት ነፍስ ይገዛል፤
ሦስቱንም ያባከነ ልጅ ከሌላው ጀርባ ቆሞ ይተክዛል።

የጦርነቷ ማሽን ከሽንት ቤቱ በር ጥግ ነበረች፤
ጠርዟ የሲጋራ ጠባሳ፣ መስታወቷ በጢስ የደበዘዘች።
ወታደሩን የምናየው ከላይ ነው፣ እንደ አሞራ፦
የብረት ቆብ፣ ሁለት ትከሻ፤ ፊት የለው፣ ስም አይጠራ።
ዱላውን ወደ ላይ ስትገፋ ጫካው ወደ ታች ይፈሳል፤
ከድልድዩ ሥር፣ ከየምሽጉ፣ ጠላት እንደ ጉንዳን ይፈልሳል።
ትተኩሳለህ፤ ይወድቃል፤ ብልጭ ድርግም ይላል፤
ሬሳ የለም። መሬቱ ይውጠዋል። ነጥብህ ይጨምራል።

ኦስማር የሚመጣው ማታ፣ ከዓሣ ፋብሪካው ሲወጣ፣
የጎማ ቦቲውን ሳያወልቅ፣ ሽታው ቀድሞት እየመጣ።
ከቻኮ ነው፣ ከሞቃቱ ሰሜን፣ ይባላል፤
በግራ እግሩ ሁለት ጣት ብቻ እንደቀረው ይወራል።
«ብርዱ ነው የበላቸው፣» አለን አንድ ቀን ዶን ኤቫሪስቶ፣
«ማልቪናስ ላይ፣ ውሃ በሞላው ጉድጓድ ሰንብቶ።»
እኛ ገና አሥራ አንድ ዓመት፤ ደሴት ማለት ካርታ ነበር፣
እርሳስ ቀርጸን የምንቀባው፣ ከባሕሩ ሰማያዊ ዳር።

አጨዋወቱ ግራ ነው። አይቸኩልም እንደ እኛ፤
ጥሻ ሥር ይቆማል፣ ልክ እንደ ደከመ መንገደኛ።
«ግፋው!» እንለዋለን፤ «ጊዜው አለቀ፣ ወደ ላይ ውጣ!»
ዝም። ጣቱ ቀዩ ቁልፍ ላይ፣ ዓይኑ ከታች፣ አንድ ሰው እንደሚመጣ።

አንድ ቅዳሜ ሁለት ፊቻ አስገባና «ና፣ ግባ» አለኝ፤
እሱ ቀዩ፣ እኔ ሰማያዊው፤ የቢራ ሣጥን ላይ አቆመኝ።
ድልድዩን አለፍን፤ ወንዙን፤ ታንኩን በቦምብ አነደድን፤
እኔ እየጮህኩ፣ እሱ ዝም ብሎ፣ ጎን ለጎን ሄድን።
ከሁለተኛው ምሽግ በታች የመጨረሻ ነፍሴ ወጣች፤
ሰማያዊዋ ቆቤ ሁለቴ ብልጭ አለችና ጠፋች።

ያን ጊዜ ዱላውን ወደ ታች ሳበው።

ወታደሩ ዞረ፤ እስከ መስታወቱ ጠርዝ ሮጦ ቆመ፤
ሳበው፣ ሳበው፤ ዱላው ሲጢጥ አለ፤ ጫካው ግን ሥዕል ነው፣ አንዴ የታተመ።
«ኦስማር፣ አይመለስም እኮ፣» አልኩት፤ «ያለፍነው መሬት የለም፤
ወደ ላይ ብቻ ነው የሚሄደው፤ ወደ ኋላ አልተሠራም።»
ከቀኝ መጡ፤ ከግራ መጡ። እሱ ጠርዙ ላይ ተጣብቆ
የቀረውን ነፍስ እዚያው ጨረሰ፣ ጣቱን ከቁልፉ አርቆ።

ከዚያ መስታወቱን በመዳፉ ጠረገ። የዓሣ ቅርፊት ቀረበት።
«ለካ ለአብራሪው እንዲህ ነበርን፣» አለ፤ «ቆብና ትከሻ።
ማን ለማን ዳቦ እንደ ቆረሰ አይታየውም እስከ መጨረሻ።»

ነጥቡ ግን ሰባተኛ ሆኖ ነበር፤ ማሽኗ ስም ጠየቀች፤
ሦስት ፊደል። ሠላሳ ሰከንድ። ወደ ታች ቆጠረች።
እሱ ጃኬቱን ለበሰ፤ እኔም እጄን አልዘረጋሁ፤
«ኤ፣ ኤ፣ ኤ» ብላ ጻፈች። እስከ ማታ አጠገቧ ቆየሁ።
ዶን ኤቫሪስቶ ሊዘጋ ሲል «ይቺን ዛሬ አትንቀላት» አልኩት፤
«መብራቱን አባትህ ይከፍላል?» አለ፤ ሽቦውን ሲስበው አየሁት።

ጫካው፣ ወንዙ፣ ሰሌዳው፣ ሁሉም መሐል ላይ ተሰብስቦ
አንዲት ነጭ ነጥብ አከለ፣ እንደ ዓይን ጠብቦ።
ነጥቧም ጥቂት ቆይታ ጠፋች። ቅርፊቷ ግን እዚያው ቀረች፤
በማግስቱ አንዱ ልጅ በጥፍሩ ፍቆ እስኪያነሳት ቆየች።