አራት ጉሮሮ

ፔጆዋ ቀይ ነበረች፤ ዛሬ ግማሽ ጎኗ የዝገት ካርታ ነው፣
በሯ ሦስት፣ ዕድሜዋ ከእኔ በሁለት ዓመት የሚያንሰው።
ሞተሯ የሚተነፍሰው በአንዲት ጉሮሮ ብቻ፣
አራቱ ፒስተን ተሰልፎ፣ ተራ ጠብቆ፣
አንዱ የተወውን ትንፋሽ ሌላው ተናጥቆ፤
እንደ ቦኖ ውሃ፣ እንደ ቀበሌ ሰልፍ፣
ለኋለኛው ባልዲ የሚደርሰው ትርፍ።

«ለየራሳቸው ልስጣቸው» አልኩ። ያልኩት ግንቦት ነው።
ሐሳብ መቼም ቀላል፤ ዋጋ የለው፣ ቀረጥ የለው።

በመተማ በኩል፣ ከሰሊጥ ጆንያ ሥር፣
ከተገለበጠ ሱዙኪ ሞተር ሳይክል የተፈታ፣
አራት የአሉሚኒየም ጉሮሮ
መጣልኝ በኬሻ ተቋጥሮ አንድ ማታ።
እህቴ አንጓች አየችው። «በዚህ ብር እኮ» አለች፣
«ግማሽ ባጃጅ ይገዛል፤ ግማሹን በዕቁብ።»
ምን ይመለሳል? ልክ ናት።
መልስ ያጣ ሰው መፍቻ ይፈልጋል፤
ጠፍቶበት አይደለም፤ ፊቱን ወዴት ያደርጋል?

አዘዞ ወረድኩ። የቶርኖው ጋሽ አበባው በመነጽራቸው ሥር አዩኝ፤
«ፈረንሳዮቹ ይህን ሲሠሩ ያንቀላፉ መሰለህ?» አሉኝ።
ሳቁ። ስቀው ሲያበቁ ቆረጡልኝ፤
የብረቱ መላጫ ሽበታቸው ላይ ሽበት ሲጨምር።
ለገንዘቡ «ከተነሳች ትከፍላለህ» ብለው ተዉኝ።

ማራኪ፣ ግቢያችን ውስጥ፣ ሐምሌ ሸራውን በጡጫ ሲመታ፣
ጓርኒሲዮኑን ከወፍራም ወረቀት በመቀስ ቀደድኩ፤
ሁለቴ ተሳሳትኩ፣ በሦስተኛው ዘየድኩ።
አንዲት ብሎን ሲሊንደር ውስጥ ገባች። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም፤
በማግኔትና በክር አወጣኋት፤ ለማንም አልተናገርኩም።
የመጽሐፉ ቁጥር የተጻፈው ለባሕር ጠረፍ ሰው፤
እዚህ አየሩ ስስ ነው፣ ቤንዚኑን ቀንሰው።
ቀነስኩ። ደግሞ ጨመርኩ። ደግሞ ቀነስኩ።

ነሐሴ መጨረሻ ተነሳች።
ተነሳች ማለት፣ አስነጠሰች፣ ሳለች፣
በአራተኛው ጉሮሮ እሳት ተፋች፣
ቅንድቤን ለበለበች።
የጎረቤት ዶሮ አጥር ዘልላ ሄደች፣ እስካሁን አልተመለሰች።
አራቱ አልተስማሙም፤
ርስት እንደሚካፈሉ ወንድማማች
አንዱ ሲጮህ አንዱ ያኮርፋል።

አንጓች ከአዳር ተረኛነት ስትመለስ ጋውኗን አላወለቀችም።
ቦርሳዋን ወንበር ላይ አኖረች፤ የልብ ማዳመጫዋን አወጣች፤
ክቡን ብረት ነቅላ ቱቦውን ወደ አንደኛው አፍ አስጠጋች።
«ይሄ ጤነኛ ነው።» ወደ ሁለተኛው። «ይሄም።»
ሦስተኛው ላይ ቆየች። ዓይኗን ጨፈነች። «ይሄ አስም አለው።»
አራተኛው? «ኧረ ይሄ የሰው ድርሻ ነው የሚስበው!»
ሩብ ዙር። «ጨምር።» ደግሞ ሩብ። «በዛ፣ መልስ።»
ሰፈሩ ወደ ሥራ ሲወጣ እኛ እንዳጎነበስን ነን፣
እሷ ጆሮ፣ እኔ እጅ።
ድንገት አንድ ሆኑ።
ድምፁን ምን ልበለው? አራት ሰው በአንድ ትንፋሽ
አንድ ስም ሲጠራ።
ስለ ባጃጅ በዚያ ጠዋት አላነሳችም።

ቤንዚን ግን የለም። የማደያው ሰልፍ ሁለት ቀን ያሳድራል።
ሁለት ሃይላንድ ከጎን ሻጭ፣ ዋጋውን አልናገርም።
ወደ ጎሃ ዳገት ወጣን፤ በሁለተኛ ማርሽ ረገጥኩት፤
መስታወቱ ተንቀጠቀጠ፣ አንጓች የበሩን እጀታ ያዘች፣
እኔ ግን አፌን ከፍቼ ነበር፣ እንደ እሷ፣ እንደ ሞተሯ።
መታጠፊያው ላይ፣ ከተማው ከሥር ሲገለጥ፣ ዝም አለች።
አራት ጉሮሮ ተከፍቶ
የሚዋጥ ጠፋ።

ቁልቁለቱን በራሷ ተንከባለለች።
ከፒያሳ ወዲያ የጎተተን ባጃጅ ነው፣ በልብስ ማስጫ ገመድ።
አንጓች ከንፈሯን ነክሳ በመስኮት ታያለች፤ ትከሻዋ ብቻ ይስቃል።

በማግስቱ፣ ሕፃናት ክፍል፣ የአንድ ልጅ ደረት ስታዳምጥ፣
«ሲስተር» አላት፣ «ይሄ ነገር ቤንዚን ቤንዚን ይላል።»
«አውቃለሁ» አለችው። «በደንብ ተንፍስ።»