ምስማር

ከቤቱ ሳይነሣ ምስማሩን መታና፣
የሳሎኑን ግድግዳ በክንዱ ለካና፣
"እዚህ ጋ ይሰቀላል" ብሎ ለሚስቱ ነግሮ፣
መጣ ከግራዝ ድረስ፣ ስድስት ሰማይ ተሻግሮ።

ኦትማር ነው ስሙ፤ የጥርስ ሐኪም።
ትንሿ አውሮፕላን ከውሃው ላይ አርፋ፣
ከነሻንጣው ጣለችው፣ ጉሙን ሰንጥቃ ከንፋ።

ከቫንኩቨር በስተ ሰሜን መንገድ የለም። መንገዳችን ባሕር፣
ዝናቡ ጎረቤት፣ ድቡ ባለአገር፤
ዝግባው ከዓለት ላይ ቆሞ ቁልቁል የሚያይ፣
ማዕበሉ በቀን ሁለቴ የሚመጣ ደጃችን ላይ።
ጀልባዋ የአክስቴ የቬርና፣ ባልዲው ደግሞ የእኔ፤
ስንት በጋ ተሸከምኩት፣ ወደ ግራ ዘሟል ጎኔ።

ቬርና የመንጠቆውን ጥርስ በጉጠት ጨፈለቀች፤
"ጥርስ ያለው መንጠቆ እኛ ጋ አይሠራም" አለች።
ሐኪሙ ሣቀና "ጥርስ መንቀል የኔ ነበር፣
ቀማሽኝ እኮ!" አላት።
አክስቴ ዝም፤ ነፋሱ ብቻ ሲናገር።

ሦስት ቀን ምንም። የቴርሞሱ ሻይ ዝናብ ዝናብ አለ፤
ሐኪሙ ዓሣ ሳይዝ ላይመለስ በሚስቱ ስም ማለ።

በአራተኛው ማታ፣ ሙላቱ ቆም ሲል፣
ዘንጉ እጅ ነሣ፤ መዘውሩ እሪ ሲል
ክሩ ሊያልቅ ደረሰ፣ ጀልባዋ ተከተለች፤
ዓሣ ሰው ሲጎትት ፀሐይ ቆማ አየች።
"ያዝኩት! ያዝኩት!" ይላል። ማን ማንን እንደያዘ
እግዜር ይወቀው፤ ክንዱ ግን እንደ እንጨት ደነዘዘ።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ ከጀልባው ጎን ብቅ አለች፤
ጀርባዋ የምሽት ሰማይ፣ ሆዷ ብር የለበሰች።
"አውጧት!" አለ፣ "ለፎቶ! ከደረቴ ላይ ልቀፋት!"
"አይሆንም። ውሃዋ ውስጥ እንዳለች ነው የምታያት።
ሆዷን አየህ? መንደር ነው የተሸከመችው፤
ፎቶ ለማንሣት ብታነሣት፣ መንደሩን ነው የምታፈርሰው።"

"ክብደቷን ብቻ ንገሪኝ።"
"ሚዛኑ ከባሕር ወለል ነው፤
ወንዙ ባዶ በሆነ ዓመት አባቴ ነው የወረወረው፤
'በልተንማ አልጨረስናቸውም' ብሎ፣ 'መዝነን ነው።'"

በዝግባ ዘንግ ለካናት። ሁለት ክንድ ከስንዝር፣ ከዚያም ጣት አለፈች፤
ግራዝ ያለው ግድግዳ አይበቃትም ነበር፤ በለጠች።
ቬርና አንዲት ቅርፊት ከጎኗ በወረንጦ አንሥታ፣
"ዕድሜዋን አንብብ" አለችው፣ ወደ ፋኖሱ አስጠግታ።
ሐኪሙ የጥርስ ማያ መነጽሩን ከኪሱ አውጥቶ
ቀለበቱን ቆጠረ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ቆይቶ፦
"ስድስት። ይሄ ጠባቡስ?"
"እሱ የረሃብ ክረምት ነው።"

ከነውሃዋ በሸራ አዛወርናት ወደ ገንዳ፣
እንደ ሙሽራ በዝምታ፣ እንደ ከባድ እንግዳ።
እስከ መፈልፈያው ድረስ እኔ ውሃ ስቀይር፣
ሐኪሙ ተንበርክኮ የስንጥቧን ትንፋሽ ሲቆጥር፣
አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ፎቶ አላነሣም ነገር።

በመስከረም መጨረሻ ዕንቁላሏን ሰጥታ ሞተች፤
እንደ ወገኗ ሁሉ። አጥንቷም ለወንዙ ተመለሰች፤
ድቡ ቀመሳት፣ የተረፈውን ዝግባው ጠጣ፣
እኛም ጠበቅን፣ ሚያዝያ እስኪመጣ።

አሁን ገንዳው ውስጥ ስመግብ አምስት ሺህ ጭራ ይራወጣል፤
የሷ የትኛው እንደሆነ ማን ያውቃል፣ ማንስ ይለየዋል?

ትናንት ደብዳቤ ደረሰን በዚያችው አውሮፕላን፦
"ምስማሩን አልነቀልኩትም። እንግዳ ሲመጣ ማታ
'ምን ሊሰቀልበት ነው?' ይላል፣ ቀና ብሎ አንዳፍታ።
ያኔ እጀምራለሁ፤ ከዝናቡ፣ ከጉጠቱ፣ ከባልዲው፤
ሚስቴ ትቆጣለች፣ ሁሌ ራቱ እየቀዘቀዘ ነው።"

ቬርና ሁለቴ አነበበችው፣ ዐይኗን ጠበብ አድርጋ፤
ከዚያ ማጥመጃ ሄሪንጓን ጠቀለለችበት፤ ሲነጋ
ሌላ እንግዳ አለብን።