ሰባተኛው ቧንቧ

በዲግቢ ወደብ ዳር፣ ከጀልባዎቹ ማዶ፣
የሲሚንቶ ደረጃ ወደ ባሕሩ ወርዶ፣
እስከ ወገቡ ድረስ ጨው ውኃ ውስጥ ገብቷል፤
በሆዱ ዐሥራ አንድ ቧንቧ ተጋድሞ ተኝቷል።

ማንም አይነፋውም፤ ቁልፍ የለው፣ ጣት የለው፣
የጨረቃ ስበት ነው ትንፋሽ የሚሰጠው።
የፈንዲ ውኃ ሲሞላ አየሩን ይገፋል፣
አየሩም ጨንቆት በቀዳዳው ያልፋል፤
ሲያልፍ ያጓራል፣ ይቃትታል፣ ያፏጫል፣
እንደ ሞገዱ ቁጣ ድምፁ ይለዋወጣል።
ትልቁን ቧንቧ አጥማጆች «በሬው» ብለው ይጠሩታል፣
ሲያገሳ ሰምተው ሙላቱን ሳያዩ ያውቁታል።

እምቢልታ ያየ ሰው ነገሩ አይገርመውም፤
አንድ ነፊ ለብቻው ዜማ የሚባል የለውም።
የራሱን አንድ ድምፅ በጉንጩ ቋጥሮ ይቆማል፣
ተራው እስኪደርሰው የሌላውን ይሰማል።
እነዚህም ቧንቧዎች አንዳንድ ቃል ይዘው፣
ማዕበል ይጠብቃሉ አፋቸውን ከፍተው።

ኤልፌዥ ቲቦዶ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ሰው፣
የጎማ ቦቲውን እስከ ጭኑ ስቦ፣
ባትሪ በጥርሱ ነክሶ፣
በየወሩ፣ በጉድለት ሰዓት፣ ይወርዳል።
አረንጓዴውን ዝቃጭ ይፍቃል፤
የተወተፈ ገመድ፣ ጓንት፣ አንዴም የሕፃን ጫማ
መዝዞ ያወጣል።
እኔ ደብተር ይዤ ከላይ እቆማለሁ።

«አንድ?»
«ንጹሕ።»
«ሁለት?»
«አሸዋ።»
«ሦስት?»
«ንጹሕ፣ ጻፊው።»
...
«ሰባት?»
ዝም።
«ሰባት?»
«ሰባትን ተይው።»

ዛጎል ሞልቶበት ነበር።
ጥቁር፣ አውራ ጣት የሚያህል፣ አፉን ገጥሞ፣ ተደራርቦ፣
የቧንቧውን ጉሮሮ በሁለት ጣት አጥብቦ።
ድምፁም ከዚያ ወዲህ ከተጻፈለት ወጣ፤
ግማሽ እርከን ዝቅ አለ፣ ትንሽ ሻከረ፣
ሌሊቱን ሙሉ ሲያወራ እንዳደረ ሰው።

የቀየሰችው ሴት፣ ኢሶቤል ራንኪን፣ በሚያዝያ ከሃሊፋክስ መጣች፤
በረዶው ያደረሰውን ጉዳት ልታይ ነበር።
መቃኛዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ከደረጃው ጫፍ ተቀመጠች።
ሙላቱ ተነሣ።
አንድ ጀመረ፤ አራት ተቀበለ፤ በሬው አገሣ፤
ሰባት ሲደርስ መርፌዋ ወደ ግራ ወደቀች።
ቅንድቧም አብሯት።

«ይህ ጉድለት ነው» አለች። «ሥዕሌ ላይ ሰባት ብሩህ ነው። ይፋቅ።»

ቲቦዶ ቆቡን አወለቀ።
«ጉድለት እዚህ በቀን ሁለቴ ይመጣል፣ እመቤቴ፤
ተከትሎትም ሙላት።
ባሕሩ ይጫወት ብለው ቫዮሊን ሰጡት፤
አሁን ራሱ መቃኘት ቢጀምር
ይቀሙታል?»

መልስ አልሰጠችም።
ውኃው አንድ አንድ ደረጃ እያለ ወጥቶ የጫማዋን ጫፍ ነካ፤
እግሯን አልሰበሰበችም።

ደብዳቤው ግን በሳምንቱ ደረሰ፤ ባለ ማኅተም፣ አጭር፦
ሰባተኛው ቧንቧ ይጽዳ።

ቲቦዶ መፋቂያውን ይዞ ወረደ።
ብዙ ቆየ። የብረት ድምፅ ግን አልሰማሁም።
ሲወጣ ቦቲው እርጥብ፣ መፋቂያው ደረቅ ነበር።
«ሰባት?» አልኩት።
«ንጹሕ» አለ፣ ዐይኔን ሳያይ፤ «ጻፊው።»

ጻፍኩ። በጥሩ እጅ ጽሑፍ፣ ከነፊርማዬ።

ገና ሲጨላልም ውኃው ተመለሰ፣
አንድን ቀሰቀሰ፣ አራትን ዳሰሰ፣
በሬው ከታች ሆኖ አንዴ ተነፈሰ፤
ሰባትም፣ ተራው ሲደርስ፣
ከነዛጎሉ፣ ከነሻካራ ጉሮሮው፣
ያችኑ ዝቅ ያለች ድምፁን አወጣት።

ከመብራቱ ሥር፣ ከታችኛው ደረጃ ላይ፣
አንዲት ሴት ጫማዋን በእጇ ይዛ ተቀምጣለች።
መቃኛ አልያዘችም።
እኔና ቲቦዶ ዶሮ እንደ ሰረቀ ሰው
ከጀልባ ጥላ ሥር ገባን፤
ደብተሩን ብብቴ ውስጥ ሸሸግሁት።