ሞዴል አስራ ዘጠኝ

ጦሳ ከነጉሙ ገና እንደተኛ፣
አርባ ካርቶን ጭኖ አይሱዙ መጣ ወደኛ።
ደብዳቤም አለበት፣ ማኅተሙ የደመቀ፣
«ትምህርት ዲጂታል ይሁን» እያለ ያስታወቀ።
እኔ ግን ይመር ነኝ፣ የዕቃ ቤት ሰው፣
ፖሊሲ የሚገባኝ ስቆጥረው ነው።
አርባ ታብሌት ብዬ፣ ሠላሳ ስምንት ቻርጀር፣
የጎደለው ሁለት በማን ስም ይቆጠር?
ሞዴል አስራ ዘጠኝ ቀደድኩ። ገቢ አደረግኩ።

ፕላዝማም የገባ ዕለት እንዲሁ ነበረ፣
ከሰሌዳው በላይ ተሰቅሎ ተከበረ፤
እንግሊዝኛው ይሮጣል፣ ሥዕሉ ይሮጣል፣
መብራት የጠፋ እንደሁ ያኔ ያዳምጣል።
እጅ ያወጣች ልጅ እጇ ደነዘዘ፤
መምህር እንድሪስም፣ ጠመኔ እንደያዘ፣
በገዛ ክፍሉ ውስጥ ፈዘዘ።

ቀጥሎ ኮምፒዩተር፣ ሃያ አምስት በቁጥር፣
ርዕሰ መምህሩ አሉኝ «አደራ፣ እንዳይሰበር!»
እኔም ጠበቅሁ።
በላስቲክ ሸፈንኩት፣ ቆለፍኩት በድርብ፣
አቧራ እንኳ ቢሆን ሳያስፈቅድ እንዳይቀርብ።
ኦዲተሮች መጥተው አመሰገኑኝ፤
«ልክ እንደ አዲስ ነው» አሉኝ።

በዚያ ጥቅምት ማለቂያ፣ ከተማው ሲነቀል፣
ቁልፉን በኪሴ ይዤ ወረድኩ በሐረጎ በኩል።
ስመለስ፣ በር የለም።
በር የሌለው ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ከበደ፤
ልጅ አይንካው ያልኩትን ሌባ ይዞት ሄደ።
ከፕላዝማው ብረቱ፣ ከኮምፒዩተሩ ላስቲኩ፣
ቀርተዋል።
ለኮሚቴው ብዬ መዝገቤን ስገልጥ፣
ገቢ ነው፣ ገቢ ነው፣ ገጽ በገጽ ስገላብጥ፤
የወጪው ጥራዝ ግን አንድም አልተቀደደም፤
ለልጅ የሰጠሁት ምንም ነገር የለም።

ዛሬ ደጃፌ ላይ ጦይባ ቆማለች፣
የዘጠነኛ ክፍል፤ «ይከፈታል?» አለች።
ደብዳቤውን ባየው፣ «ኃላፊነቱ» ይላል፣
ከታች የእኔ ስም አለ፣ የእሷ ይጎድላል።
ሞዴል ሃያ ሁለት፣ ጥራዙ እንደታሰረ፣
ክሩን በጥርሴ በጠስኩት፤ ወረቀቱ ቢጫ ነበረ።
«እዚህ ጋ ፈርሚ።»
«ብሰብረውስ?» አለች።
እስክሪብቶው በብርዱ አልጽፍ ብሏታል፣
መዳፏ ላይ ታሸዋለች።
«ጻፊ። የተሰበረ ዕቃ መዝገብ አለው፤
ያልተነካ ግን…»
አልጨረስኩላትም።

መብራት አልነበረም።
መስኮቱ ሥር ተቀመጥን፤ ባትሪው አርባ በመቶ ይላል፣
እሷ ትነካለች፣ እኔ እቆጥራለሁ፤
ሠላሳ ዘጠኝ።
ሠላሳ ስምንት።