እስኪቀመጥ

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፤ ሱ ፎልስ በረዶዋን ተከናንባ፣
ስንዱ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ፤
«ያ ጉድህ ደግሞ ተነሣ» አለችኝ።
እኔ አልሰማሁም።
በውስጥ እግሬ ነው ያወቅሁት፣ ከአልጋው ስወርድ፣
ጋራዡ ከሥር አለ፤ ወለሉ እንደ ፈራ ከብት ሲርድ።

ማንም ሳይነካው የሚነሣ ኮምፕሬሰር
የሆነ ቦታ እያፈሰሰ ነው።
ሞልቶ ይተኛል፣ ይጎድላል፣ ይነቃል፣
የመብራት ቆጣሪውም አብሮት ይቆጥራል።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአሳማ ማረጃው፣ ከመጋዙ ጎን፣
ቢጫ የጆሮ ቡሽ ነበረኝ፤
አብዛኛውን ቀን የዋለው ኪሴ ውስጥ ነው።
ኋላ ሐኪሟ ወረቀት ላይ መሥመር አሳየችኝ፤
እስከ መሃል ደህና ሄዶ
ገደል እንዳገኘው ቁልቁል ወረደ።
«ከዚህ ማዶ ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው፤
ወፍ፣ ቅጠል፣ ሰ፣ ፈ» አለች።
የሚያፈስ አየር አላነሣችም፤
እሱን እኔ ጨመርኩበት።

ቅዳሜ ነው የገጠምኩት። ሰማያዊ ቱቦ፣ ሦስት ስምንተኛ ኢንች፣
ከታንከሩ እስከ መሥሪያ ጠረጴዛው፣ ግድግዳውን ዞሮ፤
ስድስት መጋጠሚያ፣ አንዱ ክርን፣ አንዱ ባለሦስት መንገድ።
የነሐሱን ጥርስ በነጭ ቴፍሎን ጠምጥሜ አጠበቅሁ፤
ለቀረው ሻጩ «ቁልፍም አይሻ፣ ግፋው ብቻ» ብሎኝ ነበር፣
ዴል የሚባል፣ ሁለት ጣት የጎደለው ሰው።
ገፋሁት። ቀጭ ያለ መሰለኝ።
መሰለኝ ነው፤ «ቀጭ» ከገደሉ ማዶ ነው።

ካፖርት በሌሊት ልብሴ ላይ ደርቤ ወረድኩ።
የጌጁ መርፌ ከመቶ ሃያ ሰባ ገብታለች።
ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤
የእኔስ ባዳም አይደል፣ ቤት ለቆ የሄደ ተከራይ ነው፣
ቁልፉን እንኳ ያልመለሰ።
በዓይኔ ልሰማ ብዬ የሰሃን ሳሙና በጠበጥኩ፣
በቀለም ብሩሽ የእያንዳንዱን አንገት ቀባሁ።
አንደኛው ዝም። ሁለተኛው ዝም።
ክርኑ ላይ ግን አረፋው ጉንጩን ነፋ፣
ፈነዳ፣ ደግሞ ነፋ፣
እንዳኮረፈ ሕፃን።
«አገኘሁህ!» አልኩት፤ ጮኬ መሆን አለበት፣
ላይ ቤት መብራት በራ።

አየሩን አስቀድሜ ለቀቅሁ፤ ያለዚያ ቱቦው ጅራፍ ነው።
ከዚያ ጎተትኩ። እምቢ። አጥብቄ ጎተትኩ። ባሰበት፤
የውስጥ ጥርሶቹ ሲጎትቷቸው ነው የሚነክሱት።
ብልሃቱ ቀለበቱን ወደ ውስጥ ገፍቶ መያዝ ነው፤
ለማውጣት መግፋት፤
ለባለትዳር ሰው አዲስ ነገር አይደለም።

ወጣ። ጫፉ ሰያፍ፣ እንደ ደብተራ ብርዕ፤
በስንዱ የወጥ ቤት መቀስ የቆረጥኩት፤ መቀሱን አላማም።
በአዲስ ምላጭ፣ በእንጨት ላይ፣ ቀጥ አድርጌ ደገምኩት፣
የሚገባበትን ልክ በእርሳስ አሠመርኩ፣
ገፋሁ። ቆመ። ያ የመጀመሪያው መቆሚያ ግን ውሸት ነው፤
ከላስቲኩ ወዲህ ነው፤ ቅዳሜም እሱ ነው ያታለለኝ።
ትንሽ ጨክኜ ስገፋ ምልክቱ ተዋጠ።
መልሼ ሳብኩት። አልመጣም።

ስንዱ በሩ ላይ ቆማ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች።
«ምን?» አልኩ። ቀርባ፣ ፊቴ ላይ፣ «ዝም አለ» አለች።
ዝም ማለቱንም ከሰው ነው የምሰማው።

ጠዋት መርፌዋ መቶ አሥራ ስምንት ላይ ቆማለች።
ሁለቷስ የት ገባች?
ከምስማሮቹ መሳቢያ፣ ከስምንት ወር በፊት የወረወርኩትን
ትንሽ ካርቶን አወጣሁ፤ ማሸጊያው አልተቀደደም።
የሐኪሟ መመሪያ አጭር ነበር፤ ግፋው፣ እስኪቀመጥ።
ገፋሁት። ቆመ።
አላመንኩትም፤ ጨመርኩ።

መጀመሪያ የገዛ ካፖርቴ ጮኸ፣
ከዚያ ማቀዝቀዣው፣ ከዚያ ጫማዬ ሥር ያለ ጨው።
ከዚያ፣ ከባለሦስት መንገዱ፣ እንደ ክር ቀጥና፣
ስ።

ሰው ሚስቴን ሲጠራ ስንት ዓመት «ንዱ» ብቻ ነበር የሚደርሰኝ።
ያቺን መጋጠሚያ እስከ ሐሙስ አልነካኋትም።